የጃርቱ ቱሉ ድምፅ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ አሰላ ሂዱና ነኢማን ጠይቋት... መልስ ካገኛችሁ።

ሰዓቱ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠራራ ቀን፣ ባጃጁ እየተርመሰመሰ፣ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ እያለ። አስፈሪ ነገር ጨለማ የሚጠብቅ የሚመስላችሁ እስቲ ይህን ስሙ።

ነኢማ አሰላ ውስጥ የሞባይል ሱቅ አላት። ከቨር ትሸጣለች፣ የተሰነጠቀ ስክሪን ትቀይራለች። ዝምተኛ ናት፤ ቂም ግን አትረሳም። እኔ ቂመኛ ሰው አልወድም። የእሷን ቂም ግን... አልፈርድበትም።

ለምን መሰላችሁ?

አባቷ ሀሰኖ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበር። ነኢማ ልጅ ሳለች አበጋዝ የሚባል ሰው በቆርቆሮ የተሠራ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ልጆች አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው የውጭ ካርቱን ያያሉ። ካርቱኑ ስለ አንድ ጃርት ነው። ጃርቱ አይናገርም፤ ያለው ሙዚቃ ብቻ ነው። ሀሰኖ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዞ ይቆምና ያስወራዋል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ስም ያወጣለትም እሱ ነው። «ቱሉ» አለው።

ልጆቹን ያሳበዳቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ቱሉ በስማቸው ይጠራቸዋል።

«ከዲሮ! እግርህን ሰብስብ፤ እሾሄ ይወጋሃል!»

ከዲሮ እየጮኸ እግሩን አግዳሚው ላይ ይሰበስባል። ሀሰኖ ከት ብሎ ይስቃል፤ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ከዲክሲስና ከጎበሳ ከወላጆቻቸው ጋር ለገበያ የመጡ ልጆች ሳይቀሩ «እኔንም ጥራኝ» እያሉ ይለምኑት ነበር።

ተጠርታ የማታውቀው አንድ ልጅ ብቻ ናት። ነኢማ።

የገዛ ልጁን ቢጠራ ሌሎቹ እንዳያኮርፉ ብሎ ይዘላታል። ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ግን እጇን ይዞ «ያንቺን ተራ አስቀምጬልሻለሁ» ይላታል። እሷም ተራዋን ትጠብቃለች።

አበጋዝ አንድ ቀን «ስትታመም ያገለግለናል» ብሎ የሀሰኖን ድምፅ በካሴት ቀዳ። የሁሉንም ክፍል፣ አንድም ሳያስቀር። ቀድቶ ሲጨርስ አባረረው። ድምፁ እጁ ገብቷል፤ ሰውየው ከዚህ በኋላ ምን ያደርግለታል?

ብዙም ሳይቆይ ሀሰኖ ጉሮሮውን ታመመ። «የጃርት እሾህ የዋጥኩ ይመስለኛል» ይል ነበር። ኋላ እሱንም ማለት አቃተው። ድምፁ ጨርሶ ተዘጋ።

ሚስቱ ዙቤዳ አበጋዝ ደጅ ሄዳ ለመነችው።

«ማሎ፣ አንዲት ካሴት ብቻ ስጠን። ልጂቱ የአባቷን ድምፅ ትስማ።»

«አቃጥዬዋለሁ» አላት። ዓይኗን እያየ።

ነኢማ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ቆማ ነበር። ሰምታለች።

ሀሰኖ በዚያው ሞተ። ድምፁ ዓለም ላይ የትም የለም። ቂሟ ይሄ ነው።

እና ዘንድሮ... አበጋዝ አርጅቶና ከብሮ ብቅ አለ። «አዲሱ ጃርቱ ቱሉ!» በኮምፒውተር የተሠራ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የራሱ ቻናል የተከፈተለት። የጃርቱን ድምፅ የሠራው ራሱ አበጋዝ ነው። ከሥሩ ደግሞ «ዋናው የቱሉ ድምፅ ተመለሰ» ብሎ ለጥፎበታል። ዓይን አውጣ!

ነኢማ ሱቋ ውስጥ ሆና አየችው። ከሥሩ ጻፈች።

«ይሄ የአባቴ የሀሰኖ ድምፅ አይደለም። ዋናውን ምን እንዳደረገው ጠይቁት።»

ያ ሁሉ የአግዳሚ ልጅ አድጎ ስልክ ይዟል። ኮሜንቱ ጎረፈ።

«ይሄ ጃርት ነው ወይስ ጥንቸል?»

«ቱሉን ፀጉር ቤት ወስዳችሁታል እንዴ? እሾሁ የታለ?»

«ልጅነታችንን አታበላሹ! ሀሰኖን መልሱ!»

ነኢማ አንድም ሳይቀራት አነበበች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ግን ኮሜንቱ ተለወጠ...

ቢሊሱማ የተባለች ከጎበሳ፦ «ከልጄ ጋር እያየሁ ነበር። ቱሉ ስሜን ጠራ እንዴ?»

ፈይሩዛ፦ «እኔንም! እግርሽን ሰብስቢ አለኝ። ስሜን ማን ነገረው?»

ሌላው፦ «ይሄማ ራሱ ሀሰኖ ነው። የድሮውን ቅጂ አገኙት ማለት ነው። ጎበዞች!»

ከሁሉም በታች አንድ ሰው እንዲህ ብሏል፦ «ድሮ ከጠራን በኋላ ይስቅ ነበር። አሁን ለምንድን ነው የማይስቀው?»

ነኢማ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታ አዳመጠች። ደገመችው። ሠለሰችው።

አበጋዝ ነው። ያው የአበጋዝ ሻካራ ድምፅ።

ከዲሮ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ የልጆች አባት ሆኗል። ስልኩን ሊያሠራ ሲመጣ ቪዲዮውን ከፈተችለት። ጃርቱ ከስክሪኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ እነሱ ዞረ... ከዲሮ ከተቀመጠበት ሁለቱንም እግሩን ከመሬት አነሳ።

«ሰማሽው?» አለ በሹክሹክታ።

«ምን አለህ?»

«ከዲሮ አለኝ። እግርህን ሰብስብ አለኝ... ዋላሂ፣ አባትሽ ነው።»

«እኔ የምሰማው አበጋዝን ነው።»

«እንዴት? ይሄው፣ አሁንም እኮ...»

አልጨረሰውም። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ።

«ምን ጠፋህ?»

«እንጃ... ሽክሽክ የሚል ነገር ያለፈ መሰለኝ።»

ከዲሮ ስልኩን ሳይወስድ ወጣ። ነኢማ ተቀምጣ አለቀሰች። አሰላ በሙሉ የአባቷን ድምፅ ይሰማል። የገዛ ልጁ ብቻ አትሰማም። ቅናቱ አንገበገባት።

በማግስቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ የጋሪ ፈረስ ሱቁ ደጅ ሲደርስ ቀጥ አለ። ባለጋሪው ቢጮህ፣ ቢጎትት፣ ንቅንቅ አልል አለ። ፈረሱ የሚያየው ወደ ሱቁ ውስጥ ነው።

ከጋሪው አንድ ሽማግሌ ወረደ። አንገቱን በፎጣ ጠምጥሟል።

አበጋዝ ነው።

«ምን ልታዘዝ?» አለችው፣ ያላወቀችው መስላ።

«ነኢማ... አታውቂኝም?» የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አውቅዎታለሁ። ድምፅዎን ምን አገኘው?»

«እየወሰደው ነው። በተናገርኩ ቁጥር... እየወሰደው ነው።»

«ማነው የሚወስደው?»

አበጋዝ ወለሉን አየና ወንበር ላይ ወጥቶ እግሩን ሰበሰበ። ያ የተከበረ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን።

«ቪዲዮውን አጠፋሁት። ተመልሶ ወጣ» አላት። «ዛሬ ጠዋት አዲስ ክፍል ተለቋል። እኔ አልሠራሁትም... ነኢማ፣ እኔ አልሠራሁትም።»

ሳል ያዘው። መሐረቡን አፉ ላይ ደፍቶ ተንፈራፈረ። መሐረቡን ሲያነሳው መሀሉ ላይ ረጅም ነገር ተጋድሟል። ጥቁርና ነጭ።

የጃርት እሾህ።

«ከጉሮሮዬ ነው የሚወጣው» አለ። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። «ማሎ... ስለ አባትሽ ብለሽ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። አንቺ አፉ ካልሽኝ ይተወኛል።»

ማሎ። እናቷም ደጁ ላይ ያለችው ይህንኑ ነበር።

«አፉታ ነው የፈለጉት?» አለች። ዓይኑን እያየች። «አቃጥዬዋለሁ።»

ሽማግሌው ሊለምናት አፉን ከፈተ። ድምፅ ወጣ... የእሱ አይደለም።

«ነኢማ...»

ጎርነን ያለ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ። ማይክ ይዞ የሚቆመው፣ ማታ እጇን ይዞ የሚሄደው ሰው ድምፅ።

ተራዋ ደረሰ።

አበጋዝ አፉን በሁለት እጁ አፈነ። ዓይኑ ሊወጣ ደርሷል። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይለምናታል። ነኢማ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን አፉ ብላ ብትሸኘው ይህም ድምፅ አብሮት ይሄዳል፤ ይህን ማንም ሳይነግራት አውቃለች።

እጆቹን ቀስ ብላ ከአፉ ላይ አነሳች።

«እንደገና ተናገር» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አበጋዝ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እሷ ሱቅ ነው የሚውለው። ጎረቤቷ የሺሃረግ ይህን አይታ እንዲህ አለቻት።

«አባትሽን የበደለውን ሰው እንዲህ ስትጦሪ... ልብሽ ወርቅ ነው ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ።»

«አሜን» አለች ነኢማ።

የሺሃረግ ያላየችው አለ። ሊነሳ ሲሞክር ነኢማ ትከሻውን ተጭና ታስቀምጠዋለች። አፉን ሊዘጋ ሲል አገጩን ትይዘዋለች። መሳቢያዋ ውስጥ የእሾህ እስር እየወፈረ ነው። ይበለው ትላላችሁ? እኔም ብያለሁ። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አበጋዝ ዝም አለ።

«ተናገር» አለችው።

አፉ ተከፈተ። ምንም አልወጣም። አንገቱ ቀስ ብሎ ወደ ደረቱ ወደቀ፤ ትንፋሹም ቆመ።

ነኢማ ጮኸች። ያስጮሃት የሰውየው መሞት አልነበረም። ድምፁ ነው። አባቷ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተባት። የሬሳውን ትከሻ ይዛ ነቀነቀችው። «ተናገር! ተናገር እንጂ!»

ያኔ ነው ከጠረጴዛው ሥር የሰማችው።

ሽክሽክ... ሽክሽክ...

«ነኢማ! እግርሽን ሰብስቢ፤ እሾሄ ይወጋሻል።»

ወንበሯ ላይ ወጥታ እግሯን ሰበሰበች። ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ከጠራ በኋላ ይስቃል። ሳቁን ጠበቀች...

አልሳቀም።

ከዲሮ ስልኩን ሊወስድ ሲገባ የሞተውን ሽማግሌና ወንበር ላይ የተኮራመተችውን ነኢማን አገኘ።

«ነኢማ! ምን ሆነሽ ነው?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሳል ያዛት። ጣቷን አስገብታ ከምላሷ ላይ አንድ ነገር አነሳች። አጭር፣ ጥቁርና ነጭ።

ብርሃን ላይ ይዛ አየችው።

ከዚያ እንደገና እንዲጠራት ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለችና፣ ተራው እንደደረሰ ሕፃን ፈገግ አለች።