ወርቅ የተቀባው መስታወት

ሙህዲን ከብረት ማቅለጫው ምድጃ ፊት ተደፍቶ ተገኘ፤ ማጅራቱን ተመትቷል። በዚያ የቀይ ሽብር ሰሞን አቃቂ ላይ ሬሳ ብርቅ አልነበረም። ይኼኛው ግን ሲያገላብጡት ዓይኑ አልከደን ብሎ ሠራተኛውን አስበረገገው።

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ሳህሌ ሲደርስ ጥፋተኛ የተባለው ተይዟል፤ የሟቹ የሥራ ጓደኛ ጁማ። የአብዮት ጥበቃ መኪና ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀው ነው። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ የለም። የጁማ እናት ላጢፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ አታለቅስም፤ ማልቀስም ያስጠረጥር ነበር።

ምስክሩ በቅርቡ የተሾመው የፋብሪካው ካድሬ አምባው ነው። ቀኝ ጉንጩ ቀልቷል።

«ጓድ አምባው፣ የት ሆነው አዩ?»

«መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ። ጁማ በብረት ሲመታው በመስታወቱ አየሁት።»

«ጉንጭዎስ ምን ሆነ?»

«መስታወቱ ላይ ተለጥፌ ሳይ ሙቀቱ ለበለበኛ!»

ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ሳህሌ ልብ አለ። ሽማግሌውን አቅላጭ ዱሬሳን ለብቻቸው ጠየቃቸው።

«አባባ፣ ሙቀቱ ሲበረታባችሁ የት ታርፋላችሁ?»

ዱሬሳ ግራ ቀኛቸውን ቃኙ። «መቆጣጠሪያው ክፍል ነዋ። ‹ገነት› ነው የምንለው። ሌላ አልጨምርም ጌታዬ፣ ልጆች አሉኝ።»

ሳህሌ ሁሉንም ገነት ውስጥ ሰብስቦ የምድጃውን በር አስከፈተ። በመስታወቱ ያለፈው ብርሃን ፊታቸውን አረንጓዴ አደረገው፤ ሙታን የተሰበሰቡ ይመስል ነበር።

«ጓድ አምባው፣ ጉንጭዎን ያስጠጉ።»

አምባው አስጠጋ። ምንም አልተሰማውም።

«መስታወቱ ወርቅ ተቀብቷል፤» አለች መሐንዲሷ ጠጄ። «ወርቁ እጅግ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ታህተ ቀይ የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር ግን ወደ ምድጃው ይመልሰዋል።»

«እንግዲህ እዚህ የቆመ ሰው አይለበለብም፤» አለ ሳህሌ። «እርስዎ የተለበለቡት ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከሙህዲን ጀርባ ቆመው ነው። እዚህ ገብቶ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አይዋሽም። ሠራተኞቹ ያውቃሉ፤ ግን ካድሬን ማን ያርማል?»

አምባውን ላብ አጠመቀው። «ሙህዲን ወንድሙን በሐሰት መጠቆሜን ደርሶበታል! በውይይት ክበብ ሊያጋልጠኝ ነበር!»

መኪናው አምባውን ይዞ ሄደ። ላጢፋ የጁማን ፊት ደጋግማ ዳበሰች፤ ከዚያ ከሻርፗ ሥር የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ አወጣች።

«ሬሳህን ከሰጡኝ ብዬ ነው የገዛሁት፤» አለችው። «ለሙህዲን ይሁን። እናቱ ወሎ ናት፤ አትደርስለትም።»

ጁማ ከፈኑን ተቀብሎ ጓደኛውን ሊገንዝ ገባ።