አሮጌው ቅጂ

«አሁንም ተዘጋ!» አለችና የአያቷን ስልክ ፍራሹ ላይ ወረወረችው። ደሟ ፈልቷል። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር የለፋችበት አፕ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ባርኮድ አንብቦ የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት። ዓይናቸው የደከመው አያቷ ክኒኖቻቸውን አምታተው ውጠው ቤቱን ሁሉ ካስደነገጡ ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። አፑ ግን ካሜራው ገና ሲከፈት ድርግም ይላል።

ባርኮዱን የሚያነበውን ክፍል እሷ አልጻፈችውም። ላይብረሪ ነው፤ አንድ የማታውቀው ሰው ጽፎ፣ ማንም እንዲወስደው በነጻ የለቀቀው ኮድ። ታዲያ ትናንት ንዴቱ ሲብስባት የሰውየው ገጽ ላይ ገብታ፣ «ይሄ ቆሻሻ ነው። የማትችል ከሆነ ለምን ሰው ታደክማለህ?» ብላ ለጠፈችለት። ያ አልበቃ ብሏት የምትመራውን የኮምፒውተር ክበብ ልጆች ጠራች። እነሱ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር ማን ብሏቸው! ኮዱን አንድ ቀን እንኳ ሳይሞክሩት ግልብጥ ብለው ወረዱበት።

ስልክ ጠጋኙ ታላቅ ወንድሟ ከሱቁ እንደተመለሰ ኩርፊያዋን አየና ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበው።

«ላይብረሪውን ከየት አመጣሽው?»

«ከክበቡ ፍላሽ። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍብኝ ጊዜ ከዚያ ገለበጥኩት።»

«ይሄ እኮ የጥንት የጠዋቱ ነው! ይሄ ችግር ከተስተካከለ ስንት ጊዜው። ገጹ ላይ በትልቁ ጽፎታል፤ አላነበብሽም?»

አላነበበችም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለና እየሳቀ አዲሱን አውርዶ ተካላት።

አፑ ሠራ። አያቷ ካርቶኑን ካሜራው ፊት ደቀኑት፤ ስልኩ የመድኃኒቱን ስም ሲጠራ ጊዜ ተደነቁ። «ተባረኪ የኔ ልጅ! ይሄማ ከሐኪሙ ይልቅ ጥርት አድርጎ ይናገራል!» እያሉ ደጋግመው አስጠሩት። እሷ ግን ደስታው አልዋጥ አላት።

ስድቧን ልትሰርዝ ገጹን ስትከፍት ሰውየው መልሷል። «ይህን የምሠራው ከሥራ ስመለስ፣ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ ነው። ስድቡ ሰለቸኝ። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ሁሉንም እዘጋዋለሁ።»

ፊቷ ጋለ። ለክበብ ጓደኛዋ ደወለች። ነገር ቶሎ ስለምታሸት «ቆቅ» ነው የሚሏት።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለች ቆቅ። «የጻፍሽውን ሰርዢና ላሽ በይ። ማን ያውቅሻል?»

«ልጆቹን የጠራኋቸው እኔ ነኝ እኮ።»

«እና? ‹አሮጌ ኮድ ጭኜ ነው› ልትያቸው ነው? መሪያችን ሆነሽ? ዓመቱን ሙሉ ነው የሚስቁብሽ፤ እኔ የለሁበትም!»

እውነቷን ነው፤ የክበቡ ልጆች አንድ ነገር ካገኙ አይለቁም። ባለፈው ወር አንዱ ልጅ በተሳሳተ ፊደል የጻፈውን እሷ ራሷ ስንቴ አንስታ ስቃበታለች! ተናደደች፤ በቆቅ፣ በፍላሹ፣ ከሁሉ በላይ በራሷ።

ጣቷ መሰረዣው ላይ ቆየ፤ ከዚያ አነሳችው። ስድቡን እንዳለ ትታ ከሥሩ ጻፈች፦

«ጥፋቱ የኔ ነው። አሮጌውን ጭኜ፣ የጻፉትን እንኳ ሳላነብ ነው የሰደብኩዎት። ሌሎቹንም የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ኮድዎ ይሠራል። አያቴ አሁን መድኃኒታቸውን ለይተው ያውቃሉ።»

ላከችው። ያንኑ ገልብጣ የክበቡ ግሩፕ ላይ ለጠፈችና የመጀመሪያው ሳቅ እስኪመጣ ስልኳን ሳታጠፋ ጠበቀች።