ጋቢናው ሰው አለው

ይሄ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ጓደኛዬ የነገረችኝ አይደለም፣ ከሌላ ቻናል የለቀምኩትም አይደለም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ሌሊት አልነበረም፣ መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም... ጠራራ ፀሐይ ነው። ቦታው ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጡበት፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው።

ከታች "ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው" ብላችሁ ልትጽፉልኝ የተዘጋጃችሁ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። አትድከሙ። እኔ መድን ድርጅት ውስጥ የተጋጩ መኪናዎችን ጉዳት የምገምት ሴት ነኝ። ሴንሰር ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህን የሚያስጽፈኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ፍርሃት ነው። ሌላው ንዴት ነው፣ እሱ ይበልጣል።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ ወንድሜ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ጥድፌ ነው የምንለው። ከእናታችን ሆድ እንኳ ቀኑ ሳይደርስ ነው የወጣው። እና ጥድፌ እንጀራው የነበረውን የዕቃ ማመላለሻ መኪና፣ ሳያማክረኝ ሸጦ ደወለልኝ።

"እታለም፣ ስፖርት መኪና አገኘሁ። ቀይ። ሁለት በር። ዋጋዋን ብነግርሽ አታምኚም።"

"ካላመንኩማ ነገር አለው ማለት ነው።"

"አንቺ ደግሞ ሁሉም ነገር ተጋጭቶ ነው የሚታይሽ። መጥተሽ እያት ብቻ።"

ዋጋዋን ነገረኝ። እንዲህ ዓይነት መኪና ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። የነገረኝ ከዚያ በሲሶ ያነሰ ነበር። ጤነኛ ስፖርት መኪና በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ወይ ሰርቋል፣ ወይ ደብቋል።

ደሜን ያፈላው ግን ዋጋው አልነበረም።

ሁለት በር ያላት መኪና ላይ የኋላ መቀመጫ የሚባለው ለስም ነው። ጥድፌ ደግሞ ልጅ አለው። ፍንጭቴ እንላታለን፣ ገና አንደኛ ክፍል ናት። እናቷ ትታቸው ከሄደች ወዲህ ትምህርት ቤት የሚያመላልሳት እሱ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ጋቢና የምትቀመጠው እሷ ናት።

እኔ በማላውቀው መኪና... ማን ምን በደበቀበት መኪና።

አሮጌዋን መኪናዬን ከግቢው በር ውጭ አቁሜ ገባሁ።

ሻጩ ከመድረሱ በፊት ሽቶው ደረሰ። በልቤ "ሽቶው" አልኩት፣ እዚህም በዚያው ልጥራው።

"እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ወንድምሽ ዕድለኛ ነው። አንድም ቀን ያልተነካች፣ የቤት ልጅ ናት።"

"እናያለና።"

ኮፈኑን አስከፈትኩ። ሞተሩ ፏ ብሏል። ያገለገለ መኪና ሞተር እንዲህ ሲያበራ አልወድም። ጎንበስ ብዬ የፊት መከለያውን የያዙትን ቡሎኖች አየሁ። ጭንቅላታቸው ላይ ቀለሙ ተልጧል። መፍቻ ቁልፍ ገብቶባቸዋል። ያልተነካች መኪና ቡሎን ማን ይፈታል?

"የሰርቪስ ደብተሯን።"

ሰጠኝ። ቆሜ ገለጥኩት። ዘይት በጊዜው ተቀይሯል፣ የፍሬን ሸራ ተቀይሯል፣ ማኅተም አልጎደለም። እንዲህ የተያዘች መኪና ሰው አይለቃትም። እሷን ግን ደብተሩ ላይ ከተጻፉት ባለቤቶች ማንም ከአንድ ክረምት በላይ አልያዛትም።

ሌላም ነገር ነበር። በየጋራዡ፣ በተለያየ የእጅ ጽሕፈት፣ አንድ ዓይነት ቅሬታ...

የጋቢና ቀበቶ ምልክት ይጮኻል። ሴንሰር ተቀየረ።

ይጮኻል። ወንበሩ እንዳለ ተቀየረ።

ይጮኻል።

አዲስ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካላሰረ የሚጮኸውን ታውቃላችሁ። ወንበሩ ክብደት ይለያል። ሰው ሲቀመጥበት ያውቃል፣ ሲነሳ ያውቃል።

አንገቴን በመስኮቱ አስገብቼ ጋቢናውን አየሁ። ባዶ ነው። ቀበቶው ግን ባዶው ወንበር ላይ ታስሯል።

"ይሄ ለምን ታሰረ?"

"እንዲሁ ነው። እንደታሰረ ተይው።"

ተይው ስባል የምተው ሰው አይደለሁም። እጄን ሰድጄ ፈታሁት።

ቲን... ቲን... ቲን...

ሽቶው በትከሻዬ ላይ ተንጠራርቶ መልሶ አሰረው። ጩኸቱ ቆመ። ቀና ሲል ግንባሩ በላብ ርሷል።

"አትፍቺው" አለኝ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"አትፍቺው አልኩሽ። ሁሉም እንደታሰረ ነው የነዳት።"

"ሴንሰር ነው እኮ እታለም" አለ ወንድሜ ከኋላዬ።

"እኔን ነው ሴንሰር የምታስተምረኝ?"

ቁልፉን ከሽቶው ተቀበልኩ፣ ልሞክራት ነው። ጥድፌ ከጎኔ ሊገባ የጋቢናውን በር ሲይዝ፣ ሽቶው ክንዱን አፈፍ አደረገው።

"ጋቢና አይቀመጥም።"

"እና የት ልቀመጥ፣ ጣሪያው ላይ?"

"እኔ ጋ ቆይ። እሷ ብቻዋን ታዳምጣት።"

ወንድሜ መያዣ ሆኖ ቀረ። እኔ ወጣሁ።

እውነቱን ልናገር፣ መኪናዋ ትነዳለች። ነዳጅ ስትነኳት ጀርባችሁን ይዛ ትሄዳለች። ጥድፌ ለምን እንዳበደላት ገባኝ፣ ስለገባኝም ይበልጥ ተናደድኩ።

የጋቢናው የፀሐይ መከላከያ ወደ ታች ታጥፎ መንገዱን ይከልለኛል። መለስኩት።

ትንሽ ሄጄ ታጠፍኩ። ፀሐይዋ በጋቢናው በኩል ሆነች።

መከላከያው ወርዷል።

ላልቷል አልኩ። መለስኩት። ጠበቅ ያለ ነበር።

መንገዱ ጭር ያለ ነው። ፍሬኑን ለመሞከር ፍጥነት ጨመርኩና በኃይል ረገጥኩት። የእኔ ቀበቶ ያዘኝ። የባዶው ወንበር ቀበቶም ተወጠረ... ቀበቶ በድንገት ሲቆም ይቆለፋል፣ እሱ ያለ ነው።

ግን ወንበሩ ላይ አልተለጠፈም። ከመደገፊያው ርቆ፣ ወደ ፊት ጎብጦ ቆመ። ደረት የያዘ ቀበቶ እንዴት እንደሚጎብጥ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍ እንደሚመለሰው።

አንድ ረጅም ግንብ ጥግ አቆምኩ። ያኔ ፈርቼ ይሆናል፣ ግን አልታወቀኝም። አንጀቴ እያረረ ነበር። የጋቢናውን ቀበቶ ፈታሁና እስከ መጨረሻው ስቤ አወጣሁት።

ቲን... ቲን... ቲን...

ይጩህ። እኔ ምልክቱን አገኘሁት።

በግጭት ጊዜ ቀበቶ የሰው ክብደት ሲይዝ፣ ብረቱ ውስጥ ያለፈበት ቦታ ላይ ጨርቁ በፍትጊያ ይለበለባል። የተተኮሰ ልብስ የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ መስመር ይተዋል። ስንት መኪና ላይ አይቼዋለሁ። የእኔን፣ የሾፌሩን ቀበቶ አየሁ። አዲስ ነው፣ ተቀይሯል። የጋቢናው አልተቀየረም።

የሾፌሩን ቀይረው ይሄኛውን ለምን ተዉት? ወይስ መቀየር እምቢ ብሏቸው ነው?

ይሄ ቀበቶ ሰው ይዟል። በጣም በኃይል ይዟል።

ቲን ቲን ቲን ቲን...

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት መሰለኝ። ግን እናንተም ብትሆኑ ትናደዱ ነበር። ሽቶ ተቀብቶ "የቤት ልጅ ናት" የሚለውን ሰውዬ አሰብኩ። አይተው፣ ማኅተም መትተው፣ ለሚቀጥለው ሰው ያሳለፉትን ሁሉ አሰብኩ። እንጀራውን ሸጦ ቀይ ቀለም የሚገዛውን ወንድሜን አሰብኩ። ፍንጭቴ እዚያ ወንበር ላይ፣ ያ ቀበቶ ደረቷ ላይ አልፎ፣ ታየችኝ።

ወርጄ ዞርኩና የጋቢናውን በር በርግጄ ከፈትኩት።

"ውረድ" አልኩ።

ለባዶ ወንበር። በጠራራ ፀሐይ። አንድ መንገደኛ ቢያየኝ አብዳለች ይለኝ ነበር።

"ማንም ሁን ማን፣ ይሄ የወንድሜ ልጅ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። ውረድ አልኩህ።"

ጩኸቱ ቆመ።

ቀበቶው እንደተፈታ ነው... ግን ቆመ። ጎድጉዶ የነበረው የወንበሩ ስፖንጅ ቀስ እያለ ሞላ። መኪናዋ በእኔ በኩል ትንሽ ከፍ አለች። ተሳፋሪ ሲወርድ ከፍ እንደምትለው ነው።

በሩን ዘጋሁት። ወደ ሾፌሩ በር የሄድኩት በእርምጃ አልነበረም።

እስከ ግቢው ድረስ ቀበቶው እንደተፈታ ነዳሁ። አንድም ጊዜ አልጮኸም። የፀሐይ መከላከያውም እንደመለስኩት ነው።

ገብቼ ስወርድ ሽቶው ወደ እኔ አላየም። ያየው ጋቢናውን ነው።

"ይቺ መኪና ተጋጭታለች" አልኩት። "የሾፌሩ ቀበቶ ተቀይሯል፣ የፊት መከለያዋ ተፈትቷል። አንተ ደግሞ ቆመህ ትዋሻለህ። ወንድሜ አይገዛም።"

አልሰማኝም። ጠጋ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የት ነው ያወረድሽው?"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

"ማንን?"

"የት ነው ያወረድሽው፣ እህቴ?"

"...ግንቡ ጋ።"

ወደ መንገዱ አየ። ርቀቱን በልቡ የሚለካ ይመስል ነበር። ከዚያ ለዘበኛው "በሩን ዝጋ። አሁን" አለው። ዘበኛው ሮጠ። የቆርቆሮው በር ተንቋቋ፣ መቀርቀሪያው ገባ።

ሽቶው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ፈገግታው ተመለሰ። ወደ ወንድሜ ዞረና ምን ቢለው ጥሩ ነው?

"እንግዲህ ዋጋዋ ይጨምራል።"

እዚያው ልደባደብ ምንም አልቀረኝም። "ምን ተጨምሮባት ነው የምትጨምረው?"

"ምንም አልተጨመረባትም" አለ። "ተቀንሶላት ነው እንጂ። አሁን የገበያ ዋጋዋን ታወጣለች።"

ጥድፌ ቁልፉን አዙሮ ጋቢናው ላይ ራሱ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ተቀመጠ። ሲነሳ ዝም ትላለች። እንደ ልጅ ሳቀ።

"አየሽ? ሴንሰር ነበር። አንቺው አስተካከልሽው።"

"ጥድፌ፣ አትግዛት። ስለ ልጅህ ብለህ አትግዛት።"

"ለሷ ብዬ እኮ ነው። ከትምህርት ቤት በር ላይ ስወስዳት ፊቷን አስቢው።" ከዚያ ሰዓቱን አየ። "ውይ፣ የመውጫዋ ሰዓት ደርሷል። እታለም ሙች፣ ዛሬ አንቺ አምጪልኝ። እኔ ወረቀቱን ልጨርስ።"

ጨመረለት። ያለውን ሁሉ አራግፎ ጨመረለት። እኔ ያስለቀቅኩትን ጋቢና በሙሉ ዋጋ ገዛው።

ወደ በሩ ሄድኩ። ዘበኛው በሩን ሰው በሚያሳልፍ ልክ ከፈተልኝ፣ ወጣሁ፣ ወዲያው ከኋላዬ ዘጋው። የቸኮለው እኔን ለማስወጣት መሰለኝና እሱንም ረገምኩት።

መኪናዬ ከግቢው ውጭ፣ ቆርቆሮው ጥግ እንዳቆምኳት ናት።

የጋቢናዋ በር ገርበብ ብሏል።

ቆልፌ ነበር የሄድኩት። ግን አሮጌ ናት፣ መቆለፊያዋም ያረጀ ነው። በንዴት ጓ አድርጌ ዘጋሁትና ገባሁ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ነዳሁ። እየነዳሁ ለብቻዬ እየተሳደብኩ ነበር። ወንድሜን፣ ሽቶውን፣ ጋራዦቹን... ማንም አልቀረኝም።

ቦርሳዬን እንደ ሁልጊዜው ጋቢና ላይ አስቀምጬዋለሁ። ተንሸራቶ መሬት ወደቀ።

አነሳሁት፣ መለስኩት።

ወደቀ።

መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር። አልታጠፍኩም፣ ፍሬን አልያዝኩም። ሦስተኛ ጊዜ አላነሳሁትም። ስድቤንም አቆምኩ።

የእኔ መኪና ቀበቶ ካልታሰረ የሚጮህ ነገር የላትም። ስትሠራ ያን ጊዜ አልነበረም።

ፍንጭቴ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ትጠብቃለች። ስታየኝ የፊት ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች፣ ሮጣ መጥታ የጋቢናውን በር ያዘች።

"ከኋላ ግቢ" አልኳት።

"እንዴ አክስቴ፣ እኔ ሁሌ ጋቢና ነኝ እኮ።"

"ዛሬ ከኋላ።"

"ለምን? ሰው አለው?"

"ከኋላ ግቢ አልኩሽ።"

ጮኼባት አላውቅም ነበር። ከንፈሯን ጥላ ከኋላ ገባች። በሩን ዘጋች። ቀበቶዋን ፈልጋ ስትስብ ሰማኋት። አባቷ ጥሩ አድርጎ ነው ያስለመዳት፣ ሳይነገራት ታስራለች።

ቀጭ... አለ ከኋላዬ።

እኔ ወደ ፊት ብቻ እያየሁ ነው። ወደ ጎን አልዞርኩም።

ቀጭ... አለ ከጎኔ።

"አክስቴ" አለች ፍንጭቴ፣ አሁንም አኩርፋ። "አንቺም አሁን ነው ያሰርሽው?"

"አዎ የኔ ልጅ" አልኳት።

የእኔ ከሽቶው ግቢ በር ጀምሮ እንደታሰረ ነው።