የሽቦ ብሩሽ

«ለብሔራዊ ቡድኑ የተፈቀደ ለእኛ ለምን ይከለከላል?» አለች ማላር፣ የሽቦ ብሩሹን ለኩይሊ እየዘረጋች።

ኩይሊ አልተቀበለቻትም። የቆሙት ከክለቡ ሜዳ መሃል፣ የክሪኬት ኳስ ከምትነጥርበት ጠንካራ የአፈር ንጣፍ፣ ከፒቿ ዳር ነው። ፒቿን የሚንከባከበው የኩይሊ አባት እህቱን ሊድር ትሪቺ ከተማ ስለሄደ የሦስት ቀኑ ሥራ የእሷ ሆኗል። አመሻሽ ላይ ጆንያ ነክራ ታለብሳታለች፤ አፈሩ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ።

«ዛሬ ጆንያውን ተዪው። ከዚያ እዚህች ጋ ትንሽ ፋቅ ፋቅ። ቅዳሜ የተጋጣሚዎቻችን ግራኝ መቺ ልትመልስ ስትቆም ኳስሽ ጭረቱ ላይ አርፋ ትጠመዘዛለች። ስድስት ሰው ታስወጫለሽ። መራጮቹም እዚሁ ሆነው ያያሉ።»

መራጮቹን ኩይሊ አልረሳችም። በወረዳው ቡድን የቀረው እንደ እሷ ኳስ እያሽከረከረች ለምትወረውር፣ ለአንድ አሽከርካሪ የሚሆን ቦታ ብቻ ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ደግሞ ዕድሜዋ አይፈቅድም።

«ያለፈውን ሳምንት የብሔራዊ ቡድኑን ቴስት ጨዋታ አይተሻል?» አለች።

«አሸነፍን እኮ።»

«አምስት ቀን የሚፈጀው ጨዋታ በሦስተኛው ቀን ከምሳ በፊት አለቀ። አንዷ ኳስ ቁርጭምጭሚት ሥር ትሾልካለች፣ ቀጣይዋ አገጭ ጋ ትዘላለች። ያ ሰባት ሰው ያስወጣው ጀግናሽ ድንች ቢወረውርም ያስወጣቸው ነበር።»

«ሰውዬው ሽልማት ወሰደ። አንቺ ቲቪ ፊት ከንፈርሽን ጣልሽ።»

«ሽልማቱን ፒቿን ለፋቀው ብሩሽ መስጠት ነበረባቸው።»

ማላር ሳቀች። «አታካብጂ ባክሽ። የአራተኛ ቀን ትኬት የገዛው አጎቴ እንኳ እንዳንቺ አላማረረም።»

ያን ቀን የኩይሊ አባት ጨዋታው ሳያልቅ ቲቪውን አጥፍቶ ነበር። «ጥሩ ፒች በመጀመሪያው ቀን ለፈጣን ወርዋሪ፣ ቀጥሎ ለመቺው፣ መጨረሻ ላይ ለአሽከርካሪው ተራ ይሰጣል» ብሎ ወጣ።

«ወይስ» አለች ማላር፣ «ግራኟ ባለፈው ኳሶችሽን እንዴት እንደቀጠቀጠችብሽ ረሳሽው?»

ይህኛው ነካት። ኩይሊ ብሩሹን ነጥቃ ተንበረከከች። ሦስት ጊዜ ፋቀች፤ ጥቁሩ አፈር ተነሣ። ከዚያ ኳሷን ይዛ ሄደችና ከሌላው ጫፍ ወረወረች።

ኳሷ ከጣቶቿ አመለጠች። ሳትሽከረከር፣ ሰንፋ ሄዳ ጭረቱ ላይ አረፈች፤ ድንገት ተጠምዝዛ ከመቺ ጀርባ የሚተከሉትን ሦስት እንጨቶች ገነደሰቻቸው።

ማላር አጨበጨበች። «አየሽ? ማንም አይመልሳትም።»

ኩይሊ የወደቁትን እንጨቶች አየች። በዚህ ዓመት ከወረወረቻቸው ኳሶች ሁሉ የባሰችው ይህች ነበረች።

ባልዲውን አመጣች። ጭረቱን በእርጥብ አፈር ደፈነች፣ በመዳፏ ጠፈጠፈችው፣ ከባዱን መዳመጫ ሮለር አስር ጊዜ አመላለሰችበት። ጆንያዎቹን ነክራ ዘረጋች። ከዚያ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና ከሥሩ የተጣበቀውን ጭቃ በሽቦ ብሩሹ ትፈቀፍቅ ጀመር።

«ቅዳሜ ብትቀጠቅጥሽስ?» አለች ማላር።

«ትቀጥቅጠኛ» አለች ኩይሊ ቀና ሳትል። «ያንን የጆንያ ጫፍ ያዢልኝ፤ ነፋሱ እየገለጠው ነው።»