ሰባት ቁጥር አይጥ ስታነክስ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ላብራቶሪ የሠራ ሰው ያልተለካ ነገር አያምንም፣ ይሄኛው ግን በገዛ እግሬ ላይ ስለደረሰ ስማኝ።

ጊዜው በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ የበዛበት፣ መብራትም በፈረቃ የሚመጣበት ነው፣ እኔ ሐዋሳ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የአይጥ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፣ ኃላፊ ስልህ ሠራተኛውም እኔው ነኝ። አለቃዬ ዶክተር ታምራት፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል በሽታን መዋጋቱን ትቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ምን እንደሚሆን በአሥራ ሁለት ነጫጭ አይጦች ላይ ያጠኑ ነበር፣ በሽታውን በመርፌ ይሰጧቸዋል፣ እግራቸው ሲያብጥ እኔ እለካለሁ፣ ከዚያ አዲስ መድኃኒት ይሞክሩባቸዋል።

ሰባት ቁጥር ቀኝ እግሯ ያበጠ ዕለት የእኔም ቀኝ ቁርጭምጭሚት አበጠ። አጋጣሚ ነው ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ሪህ ነው ብለው ሥጋ ከለከሉኝ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል እየወረድኩ ዓሣ ስበላ ሰነበትኩ፣ እብጠቱ ግን ወይ ፍንክች። ነገሩን መጀመሪያ ያዩት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ማርታ ናቸው። መወልወያቸውን ተደግፈው አንዴ እኔን አንዴ አይጧን አዩና፣ «ልጄ፣ እሷ ስትቆም ትቆማለህ፣ ስታነክስ ታነክሳለህ፣ ተጸልዮልህ ያውቃል?» አሉኝ። ሳቅኩ። ግን እመነኝ፣ በማግስቱ ዶክተር መድኃኒቱን ሲወጓት የእኔን ጭን ቆንጠጥ አደረገኝ፣ ለምሳ ስወጣ እግሬ ጫማ ገባለት።

ችግሩ፣ ጥናቱ ሲያልቅ አይጦቹ ተገድለው መገጣጠሚያቸው በማይክሮስኮፕ ይታያል። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ዶክተር ጓንታቸውን ሲያጠልቁ አላስቻለኝም።

«ዶክተር፣ ሰባት ቁጥርን ይተዉልኝ።»

«ለምን?»

«ዘመዴ ሆናለች።»

«አንተ የተማርክ ሰው አይደለህ?» ብለው ወደ ሳጥኖቹ ሲዞሩ መብራት ጠፋ፣ ክፍሉ መስኮት ስለሌለው ድቅድቅ አለ፣ ሲጮኹ የነበሩት አይጦችም ሁሉም ባንዴ ጸጥ አሉ። ወለሉ ላይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ ጎተት የሚል ድምፅ በመሃላችን አልፎ ወደ በሩ ሄደ። በሩን ከፍተን በኮሪደሩ ብርሃን ስናይ የሰባት ቁጥር ሳጥን ክዳኑ እንደተቀረቀረ ነው፣ ውስጡ ባዶ።

ዶክተር ድምፁን ሰምተዋል፣ በግምገማው ላይ ግን አልሰማሁም አሉ። «የመንግሥት አይጥ አሽሽተሃል» ተብዬ ሂሴን ዋጥኩ።

እንግዲህ አይጥ ቢበዛ ሦስት ዓመት ብትኖር ነው። ያ ነገር ከሆነ ስንት ዓመት አለፈው፣ እኔም ሥራ ቀይሬ መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ከፍቻለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ነቃሁ፣ እያነከስኩ ሸቀጥ ስሸጥ ቆየሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጭኔን ቆንጠጥ አደረገኝ፣ ሱቅ ስዘጋ እብጠቱ የለም። አይጧ የት እንዳለች መጠየቅ ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ አሁን የሚያስጨንቀኝ መርፌውን ማን እየወጋት እንደሆነ ነው።