ያዥ ያለኝ መስሎኝ

መጀመሪያ ያየሁት ድንኳኑን ነው፤ የተቀደደ ድንኳን ታቅፎ የሚገባ ሰው ፊቱ አይታይም።

የምሠራው ቦርሳና ድንኳን በሚጠገንበት ሱቅ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋው ከጥግ እስከ ጥግ ተተርትሯል።

«ምን አግኝቶት ነው?» አልኩት።

«ንፋስ።»

«ንፋስ ብቻ?»

«የላዩን ንፋስ ስለማያውቁት ነው» አለና ፈገግ አለ።

የተራራ መሪ ነበር፤ ሰዎችን በገመድ አስሮ በረዶ ወዳለበት ጫፍ የሚወስድ። ደንበኞቹ «ቀስ» ይሉታል፤ ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ። ቀስ ብለህ ውጣ፣ ቀስ ብለሽ ጠጪ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ።

ድንኳኑን በሦስት ቀን ጨረስኩለት። ቀስ ግን መመላለሱን አልጨረሰም። አንዴ ዚፕ፣ አንዴ ማንገቻ፣ አንዴ ደግሞ ምንም ያልሆነ ጓንት ይዞ መጣ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?» ስለው ጓንቱን አገላብጦ አየና «ሊቀደድ ያሰበ መስሎኝ» አለ። ሳቄ አመለጠኝ።

የዚያን ቀን ነው ድፍረቱ የመጣልኝ። ስንትና ስንት ቦርሳ ሰፍቼ ተራራ ልኬያለሁ፤ እኔ ራሴ ግን ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ወጥቼ አላውቅም። «እኔንስ ያወጡኛል?» አልኩት። ጓንቱን ኪሱ ከተተ። ከዚያ «ጉልበትዎን እንይ» አለ።

ጉልበቴ የታየው አሥር ፎቅ ባለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሊትር ውሃ አዝዬ እወጣለሁ፣ ጣሪያው ላይ ስደርስም፣ ስወርድ ጉልበቴን እንዳይጎዳኝ፣ ውሃውን እደፋዋለሁ። እማዬ ይህን ስትሰማ እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

«ውሃ ተሸክሞ ወጥቶ መድፋት? እኔ በርሜሉን ሙይልኝ ስልሽ ወገቤን ትያለሽ!»

ከወር በኋላ ወደ ገደል ልምምድ ተሻገርን። ቀስ ገመዱን ወገቤ ላይ እያሰረ «ከዛሬ ጀምሮ ‹እርስዎ› ማለት ቀርቷል» አለኝ። «‹እባክዎ ይያዙልኝ› እስክል ድረስ ወድቄ አልቃለሁ። ገመድ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ነው ያለን። ያዥ ስልሽ ገመዱን ታጠብቂያለሽ። ላላ ስልሽ ትለቂልኛለሽ። ቁሚ ስልሽ ባለሽበት ትቆሚያለሽ።»

«አይዞሽስ?»

«አይዞሽ አይባልም።»

«ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!»

«አይባልም አልኩ» አለና ቋጠሮውን ሁለቴ ጎትቶ አየው። አንቺ ሲለኝ ግን ደስታው ፊቴ ላይ እንዳይታይብኝ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። ወድጄዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩ የተበላሸው። እሱ ከላይ እየወጣ ነበር፣ እኔ ከታች ገመዱን ይዣለሁ። ንፋሱ ጆሮ ያደነቁራል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። ድንገት ቁልቁል አየኝና ጮኸ። ያዥ! ባለኝ አቅም ሁሉ ገመዱን ሳብኩት።

እሱ ለካ እግሩን ወደሚቀጥለው መርገጫ እያነሳ ነበር። የኔ ጉተታ ከድንጋዩ አላቀቀው፤ ሁለት ሜትር ያህል ወርዶ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ፣ የእጁ አንጓም ከአለቱ ጋር ተጋጨ።

መሬት ሲደርስ እያለቀስኩ «ያዥ አልከኝ፣ ያዝኩ!» አልኩት።

 እጁን በሻሽ ጠቅልሎ ጨረሰና «ጫፉን የምትወጪው ከእህቴ ጋር ታስረሽ ነው» አለ። «የእኔ ገመድ ላይ አትሆኚም።»

አላመነኝም ማለት ነው። ቤት ገብቼ አልሄድም፣ በቃኝ ብዬ አልጋዬ ላይ ተደፋሁ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ቱግ አለች።

«ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ በከንቱ ሊደፋ ነው? ተነሺ! ሂጂና ውጪ!»

ወጣሁ።

እህቱ በአሥር ዓመት የምትበልጠው፣ እንደሱ ተራራ መሪ የሆነች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። እሱ አራት ሰዎች አስሮ ከፊት ሄዷል። ጎህ ሲቀድ በረዶው ላይ ነበርን፤ አንድ እርምጃ፣ ሦስት ትንፋሽ። ሁለቴ በጉልበቴ ተንበረከክሁ፣ ሁለቴም እህቱ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ጠበቀችኝ። የመጨረሻው ዳገት ሥር ካለው ሜዳ ስንደርስ ለእረፍት ገመዱን ፈታችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«አይዞሽ እቴ፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

ደነገጥኩ። «አይዞሽ አይባልም አልነበር?»

«እሱ ገመድ ላይ ነዋ። በንፋስ ጊዜ አይዞሽ ስትዪ ከታች ላለው ያዥ ሆኖ ይሰማዋል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ወንድሜ ነው።» ውሃ አቀበለችኝ። «አንድ ቀን ብቻ አፈረሰው፤ ይኸው እጁን አስመታ። ‹እሷን ሳይ ሕጌ ይጠፋብኛል፣ አንቺ ያዥልኝ› ብሎ ነው አንቺን የሰጠኝ።»

ውሃውን ሳልጠጣ መለስኩላት።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ቀስ ሰዎቹን አስቀምጦ ቆሟል። ቦታው ጠባብ ነው፣ ሁላችንም በየገመዳችን ታስረናል። ከዚያ ላይ ሆኖ ብዙ ነገር ይታያል ይላሉ። እኔ ያየሁት እሱን ነው። እሱም ያየው እኔን ነው። አንድም ቃል አልተናገርንም፤ ከሦስቱ ቃላት የሚሆነን አልነበረማ።

ወርደን በረዶው ሲያልቅ ገመዱን ፈታን። ቀስ ብቻውን ተቀምጦ ገመዱን ሲጠቀልል ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ያን ቀን ምን ነበር ያልከኝ?»

እጁ ቆመ። «ስትንቀጠቀጪ ሳይሽ አመለጠኝ። አይዞሽ ነው ያልኩሽ።»

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ስንት ቀን አለቀስኩ!»

«ያንን ብነግርሽ ሌላውም ይከተላል። ሕይወትሽ በእጄ ላይ እያለ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«አሁንስ?»

ወገቡን አየ፣ ወገቤን አየ። የታሰረ ነገር የለም።

«አሁንማ እወድሻለሁ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

እጁን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። «እኔ የሰማሁት ግን ያዥ የሚለውን ነው» አልኩት።

ለካ የያዝኩት የታመመውን እጁን ኖሯል። ፊቱን አጨማዶ እየሳቀ «ላላ! ኧረ ላላ አድርጊ!» አለ።

«ንፋስ ነው» አልኩት፣ «አልተሰማኝም።»