በመስታወቱ ልክ

ሌላ ጊዜ የማወራችሁን ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙ፤ አልቀየማችሁም። ከዚህኛው ግን አንድ ሴንቲ ሜትር እንዳትቀንሱ። እኔም አልጨመርኩበትም።

ቦታው ጅቡቲ ከተማ ነው። ወሩ ዘንድሮ ሐምሌ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ... ፀሐዩ መንገዱን ባዶ አድርጎ፣ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ የሚጋደምበት ሰዓት።

ልደቱ እባላለሁ። ሥራዬ በየሀብታሙ ሳሎን የሚቀመጠውን የመስታወት ዓሣ ገንዳ፣ አኳሪየሙን፣ መሸጥና ማጽዳት ነው። በዚህ ከተማ ውሃ በማወቅ የሚወዳደረኝ ባሕሩ ብቻ ነው። ዓሣ ሲያየኝ ይሰለፋል።

አንድ የመሸጫ ዘዴ ነበረችኝ።

"ልደቱ፣ ዓሣው ሲያድግ ገንዳው አይጠበውም?" ይሉኛል።

"ምን ሲደረግ። ዓሣ በመስታወቱ ልክ ነው የሚያድገው።"

ውሸት ነው።

ዓሣ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም። ጠባብ ገንዳ ውስጥ የሚቀጭጨው መላወሻ አጥቶ፣ የራሱ ቆሻሻም ውሃውን መርዞበት ነው። ገላው ይቆማል... ዓይኑ ግን ማደጉን አይተውም። ትንሽ ገላ ላይ ትልቅ ዓይን ካያችሁ፣ ያ ዓሣ እየተሠቃየ ነው።

ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዋሽቻለሁ።

ጥር ላይ የእህቴ የአበዛሽ ልጅ፣ ጸደንያ፣ ሥራ ፍለጋ ከድሬዳዋ መጣች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። እኔን በአንድ ራስ ትበልጠኛለች፤ እኔ ደግሞ አጭር አይደለሁም። እሺ... ትንሽ አጭር ነኝ።

አበዛሽ በስልክ፣ "ወንድሜ፣ እንደሰጠሁህ መልስልኝ" አለችኝ።

"ጨምሬበት ነው የምመልስልሽ" አልኳት።

ከደንበኞቼ አንዷ፣ ማዳም ዓቢዳ፣ እቤቷ እያደረች የምትሠራ ልጅ ትፈልግ ነበር። ወሰድኳት። የጸደንያ መኝታ ከደረጃው ስር ያለችው ዕቃ ቤት ሆነች። መስኮት የላትም። ከግድግዳው ወዲያ እኔ የሸጥኩት ገንዳ ሞተሩ ያጉረመርማል።

ማዳም ወደ ላይ አንጋጣ አየቻት። "ልደቱ፣ ይቺ ረጅም ናት። ክፍሏ ትበቃታለች?"

እኔ ደግሞ ጨዋታ አላልፍም።

"ማዳም፣ ሰውም እንደ ዓሣ ነው። በቤቱ ልክ ይሆናል።"

ሳቅን። ለጸደንያ በአማርኛ ደገምኩላት። እሷም ሳቀች።

የካቲት ላይ ውሃ ልቀይር ስሄድ ቀሚሷ ወለሉን ይጠርጋል።

"የማዳምን ቀሚስ ወረስሽ እንዴ?"

"የራሴ ነው ጋሼ።"

መጋቢት ላይ ወንበር ላይ ቆማ ዓሦቹን ስታበላ አገኘኋት። መጀመሪያ የመጣች ቀን፣ ገንዳው እስከ ደረቷ ነበር።

ሚያዝያ ላይ በሩን ስትከፍትልኝ ወደ ታች አየኋት።

ወደ ታች።

"ጸደንያ... ምን ሆነሽ ነው?"

"ቀስ በል ጋሼ። ማዳም ተኝታለች።"

"ታመሻል?"

"ኧረ ደህና ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ታጥፌ ነበር የምተኛው። አሁን እግሬን እዘረጋለሁ።" ፈገግ አለች። "ልክ አንተ እንዳልከው..."



እጇን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ለማዳም ምን ልበላት? ውሸቴ እውነት ሆነ ልበል?

በማግስቱ አበዛሽ ደወለች። "ልጄ እንዴት ናት?"

"እንዴት ናት ትያለሽ እንዴ። አድጋ ጣሪያ ልትነካ ነው።"

ግንቦትንና ሰኔን ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። አልበዛብኝም። ፈርቼ ነው።

ሐምሌ... ዘጠኝ ሰዓት።

የማዳም በር ገርበብ ብሏል። ሳሎኑ ጭር ብሏል። የገንዳው ሞተር ቆሟል፤ ውሃው አረንጓዴ ሆኗል።

ዓሦቹ በሙሉ አንድ ጥግ ተሰብስበዋል። ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ግድግዳው ነው። ወደ ደረጃው።

"ጸደንያ?"

"እዚህ ነኝ..."

የዕቃ ቤቷን በር ከፈትኩ። ሽታው መታኝ። አውቀዋለሁ፤ ለወራት ያልተቀየረ ውሃ ሽታ ነው። ክፍሉ ግን ደረቅ ነበር። ጠብታ የለም።

ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። የስድስት ዓመት ልጅ ታህላለች።

ዓይኖቿ ግን...

ዓይኖቿ አልቀነሱም።

"ጋሼ" አለች በሹክሹክታ፣ "ልኩን ላገኝ ብዬ ነው። አበዛሁት እንዴ?"

አቅፌያት ወጣሁ።

አርሂባ ሰፈር እኔ ቤት ወሰድኳት። ሁለቱን ክፍል የሚለየውን ግድግዳ በገዛ እጄ አፈረስኩት። መስኮት ሁሉ ከፈትኩ። በየማለዳው በበሩ መቃን ላይ አቁሜ በእርሳስ እለካታለሁ። ጭረቱ እየተደራረበ ወፈረ እንጂ ከፍ አላለም።

ይህንንም አውቅ ነበር። የቀጨጨን ዓሣ ባሕር ውስጥ ብትለቁት እንኳ የቀረበት ቀርቷል። ለደንበኛ ተናግሬው አላውቅም።

በሳምንቱ ለአበዛሽ ደወልኩ። "ነይና ውሰጃት" አልኳት።

ፔካ 12፣ ከባድ መኪኖቹ የሚቆሙበት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አበዛሽ ከአንዱ ጋቢና ወረደች። ዓይኗ ከሰው ራስ በላይ በላይ ይፈልጋል። ልጇ የምትታይበትን ከፍታ ታውቀዋለች።

"የታለች ወንድሜ?"

እኔ ልደቱ... አቀረቀርኩ።

"እማዬ" አለ ከወገቧ በታች የመጣ ድምፅ።

አበዛሽ ወደ ታች አየች። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ቁጢጥ አለች። የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ዓይኖቿን አየች... ብዙ አየች።

ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች።

"አድጋለች ብለኸኝ ነበር።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጸደንያን አዘለቻት። ሃያ አንድ ዓመት የሞላትን ልጅ። እሹሩሩ እያለች፣ ወደ አገር ቤት ወደሚመለሰው መኪና ሄደች።

ፀሐይዋ ከፊታቸው ነበረች። ጥላቸው አስፋልቱ ላይ ወደ እኔ ተዘረጋ።

እናት ልጇን ስታዝል ጥላው አንድ ነው።

እኔ ያየሁት ሁለት ነው።

አንዱ የአበዛሽ። ሌላው ከጎኗ የሚራመድ፣ ከእሷ በአንድ ራስ የሚበልጥ፣ የአንዲት ረጅም ልጅ ጥላ።

አበዛሽ ልጇን እንዳዘለች ጋቢናው ውስጥ ገባች። ጥላዋም አብሯት ገባ።

ረጅሙ አልገባም።

መኪናው ተነሣ... አቧራው ተነሣ... ራቀ።

ያ ጥላ ግን ባዶው አስፋልት ላይ፣ እስከ እግሬ ጫፍ ድረስ ተዘርግቶ ቀረ።